ለኮፍታ የሚሆን የጾም ስጎ

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ልጄ ኮሌጅ ልትሄድ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ካቆመች ቆይታለች። እናቷ ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው፣ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ስለሆነም ዋሽንግተን አጠገብ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ማዕድ የምቀርበው ብቻዬን ነበር። ልጄ ከቤት ሳትወጣ አንድ ጊዜ እንኳ አብራኝ እንድትጾም ፈለግሁ። ጾም ያልለመደ ሰው ለራሱ እምቢ ማለትን አይለምድም፤ ለራሱ እምቢ የማይል ደግሞ መጨረሻው አያምርም። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ምናልባትም ከሚገባው በላይ።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት እንደገና ጠየቅኋት።

«ሽሮና ምስር፣ ሽሮና ምስር!» አለች። «የጓደኛዬ ቤተሰቦች ሕንዶች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይነኩም። ግን እንደ እናንተ ፊታቸውን አያጠቁሩም። እናቷ የምትሠራትን ኮፍታ አንተ ብትሠራልኝ እጾማለሁ።»

«እሠራለሁ» አልኳት። ተናድጄ ነበር።

ኮፍታው አያስቸግርም። ድንች፣ ካሮትና አተር ትቀቅላለህ፤ አድቅቀህ በሽምብራ ዱቄት ትለውሳለህ፤ አድበልብለህ ትጠብሳለህ። መከራው ስጎው ነው።

ሰኞ ዕለት አሌክሳንድሪያ ከምሠራበት ፓርኪንግ ወጥቼ፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ በዋለ እግሬ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ፍሬን ስረግጥ ቆይቼ ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮፍታውን ጠበስኩ፤ ለስጎው ሽንኩርት ከተፍኩ። ወጥ መሥራት ማንም አላስተማረኝም፤ ሚስቴ የከሰዓት ፈረቃ ስትጀምር እያሳረርኩ ለምጄዋለሁ። እንደማውቀው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አበሰልኩ፤ በርበሬ ጨመርኩ፤ ውሃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስላልሞላ መቅመስ አልችልም። ማንኪያውን ለልጄ ዘረጋሁላት።

«አንቺ እንደሆነ አልጾምሽም። ቅመሺ።»

ቀመሰችና ሳቀች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ድንች ወጥ ነው! ድንቹን አድበልብለህ ልትሸውደኝ ነው?»

እንጀራዬን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ኮፍታዎቹን ባዶአቸውን በሳህን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ማክሰኞ ወደ ቤት ስመለስ የሕንዶች ሱቅ ገብቼ ባለቤቷን ስለ ኮፍታ ስጎ ጠየቅኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እኛ እንዴት እንደምንጾም ስነግራት፣ «ክሬም አትችልማ» ብላ በክሬሙ ፈንታ ካሹ የሚባለውን ለውዝና የደረቀ የአብሽ ቅጠል አወረደችልኝ። የአብሽን ፍሬ እንጂ ቅጠሉን ወጥ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ዘይቱ መጀመሪያ ይገባል አለችኝ፤ እሱ ካልጋለ ቅመሙ አይነቃም። እንደሚመከር ልጅ ቆሜ ሰማሁ።

ቤት ገብቼ እንዳለችኝ አደረግሁ። ከሙኑን የጋለ ዘይት ላይ ስበትነው ተንጣጣ። ሽንኩርቱ ሲቀላ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያም ቲማቲም፣ እርድና ድንብላል ጨመርኩ። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን እስኪለይ ድረስ አማሰልኩ። ሙቅ ውሃ ውስጥ የዘፈዘፍኩትን ካሹ ፈጭቼ ስጨምርበት ቀዩ ስጎ ወደ ብርቱካን ቀለም ተለወጠና ወፈረ። በመጨረሻ የአብሹን ቅጠል በመዳፌ አሽቼ በተንኩበት።

ማንኪያውን ዘረጋሁላት። ቀመሰች። ደግማ ጨለፈች።

«ጨው ጨምር» አለች። ጨመርኩ። አሁንም ቀምሳ፣ «አባዬ፣ ይሄ ልክ ክሬም ያለው ነው የሚመስለው። እንዲህ ከጣፈጠ ታዲያ ምኑን ጾም ሆነ? ጾም መከልከል ነው ስትል አልነበር?» አለች።

ለወጥመድ እህል እንደሚበትን ሰው ምላሷን ልይዝ እንደደከምኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ለራሷ እምቢ ማለትን ላስተምራት ፈልጌ፣ እምቢ የማይባል ምግብ ሠርቼ ቆሜያለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ጥቅስ ጠቅሼ እከራከራት ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። እጅሽን ታጠቢ» አልኳት።

አዲስ የጠበስኳቸውን ኮፍታዎች እንጀራ ላይ አድርጌ ስጎውን አፈሰስኩባቸው። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ስትጨርስ ጣቷን እየላሰች፣ «ከነገ ጀምሬ እሞክራለሁ» አለች። «ዓርብ ግን ምሳ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ። ዓርብን አልዋሽህም።»

ጾም የሚከበረው በሙሉ ነው፣ ቆርጠው የሚጥሉት ቀን የለውም የሚለው ስብከቴ ምላሴ ላይ መጣ። ዓርብ ደግሞ ከቀን ሁሉ ዓርብ! ግን አልዋሸችኝም። እኔም ደክሞኝ ነበር።

«እሺ» አልኳት። ከማስተዋል ይሁን ከድካም እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ረቡዕና ሐሙስ ጾመች፤ ስምንት ሰዓት ላይ እየተነጫነጨች ሰዓት ታይ ነበር። ዓርብ ብቻዬን በላሁ። ሲመሻሽ መጣች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ ድስቱን ከፍታ የቀረውን ስጎ በእንጀራ ጠረገችው። ምሳ ምን እንደበላች አልጠየቅኋትም።