ሰማያዊው ሪባን

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራውን ሴትዮ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ፍተሻ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም፤ አንድም ጋዋን ኪሱ ሳይበረበር፣ ኮሌታው ሳይዳበስ ማሽን ውስጥ አይገባም። እስክሪብቶ፣ ማስቲካ፣ አንዴማ የአንድ ዶክተር ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ ክፍሉን ስታስቅ ውላለች። ከሁሉ የምትጠላው ግን ስፒል ነው።

ባለፈው ወር አንድ ስፒል አመለጣት። አሥራ አንድ ዓመት አብራት የሠራችው ሳቂታዋ ጓደኛዋ፣ አንሶላው ትኩሱ የካውያ ማሽን ውስጥ ሲገባ ብልጭ ያለ ነገር አየችና ልትነቅለው እጇን ሰደደች። ማሽኑ ሦስት የቀኝ እጅ ጣቶቿን በላ። አስተዳደሩ «የሥራ አደጋ» ብሎ ለጠፈ እንጂ ስለ ስፒል ያነሳው ነገር የለም። በሳምንቱ «ከጎንሽ ነን» የሚል ዘመቻ ታወጀና ሠራተኛው በሙሉ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሪባን እንዲያደርግ ተባለ። የሚያያዘው በምን ቢሆን ጥሩ ነው? በስፒል።

ፍተሻ አላደርግም አለች። የሰው ኃይል ኃላፊው ራሱ ሪባኑን ይዞ ምድር ቤት ወረደ።

«የቅርብ ጓደኛዋ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ካላደረጉ ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ ልጄ። ስፒል እዚህ ክፍል አይገባም።»

«ለፎቶው እንኳን?»

«ለፎቶውም።»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ፅዳቶቹ እሷን ሲያዩ ወሬ ያቋርጣሉ፤ አንዷ «ልቧ ድንጋይ ነው» ስትል በጆሮዋ ሰማች። ሐሙስ ዕለት የመጣው የጋዋን ክምር ደግሞ ሪባኑን እንደተሸከመ ነበር፤ ከነስፒሉ አውልቀው ወርውረውታል። ፍተሻ ሁሉንም አንድ በአንድ ስትነቅል ዋለች፤ በየመሀሉም አፏን ሞልታ ረገመቻቸው።

ከሥራ ስትወጣ ጓደኛዋ ወደተኛችበት ፎቅ ወጣች። ሳቂታዋ የዚያን ቀን አልሳቀችም።

«ሁሉም አድርጎ አንቺ ብቻ ቀረሽ አሉኝ።»

«በምን እንደሚያያዝ አላየሽም እንዴ?»

«ጣቴን የበላኝን እኔ አላውቀው!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ምድር ቤት ስንለፋ ማን ስሜን ጠየቀኝ? ትናንት ዋናው ዶክተር መጥቶ በስሜ ጠራኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ? አንቺ ስትቀሪ ግን ከፋኝ።»

ፍተሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ለጓደኛዋ ብላ ይመስላት ነበር፤ ጓደኛዋን ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

ሳቂታዋ ከትራሷ ሥር ሪባን አወጣች። ፍተሻ ጎንበስ አለችላት። ሳቂታዋ ባልለመደው ግራ እጇ ስትታገል ስፒሉ ጨርቁን አልፎ የፍተሻ ቆዳ ውስጥ ገባ።

«ወጋሁሽ እንዴ?»

«አይ» አለች ፍተሻ፣ «ቀጥዪ።»