ከመቅደስ የቀረሁበት እሑድ

አማካሪዋ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት። «የምታድርበት አለህ?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። መካነ ሰላም አጠገብ አባቴ ቤት፣ በገዛ አልጋዬ ላይ የማድር ሰው ነኝ፤ ለማኝ መሰልኳት እንዴ? እሷ አዲስ አበባ ሆና እንደኔ ያሉትን፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱትን፣ በስልክ የምታዳምጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ስንቱ ከቤቱ ሲባረር እንደሰማች ያኔ አላውቅም ነበር።

በቴሌግራም ነው ያገኘኋት። ኔትወርክ ፍለጋ እያልኩ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወዳለው ጉብታ እወጣለሁ፤ እናቴ «ይህ ልጅ ስልኩን አገባው» እያለች ትስቃለች። ማግባት ግን ቤታችን ውስጥ የቀልድ ነገር አልነበረም። አባቴ ቄስ ናቸው፣ እኔ ዲያቆን። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው አግብቶ ቆርቦ ነው፤ ለእኔም ወግዲ ወረዳ ያሉ የአንድ ቄስ ልጅ ተጠይቃ እሺ ተብሏል። ለጠላው ጌሾ ሳይቀር ተገዝቷል። ልጅቷን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሳቂታ ናት። ምን እንደጎደላት ሳታውቅ ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ስለዚህ አንድ እሑድ ልብሰ ተክህኖ ሳልለብስ ቀረሁ። ከምእመናኑ ጋር ቆሜ አስቀደስኩ። በኛ አገር ዲያቆን ከመቅደስ ቀረ ማለት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሴት አውቋል፣ ዲቁናው ፈርሷል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቅስናውም ሠርጉም አብረው ይቀሩልኛል፣ ይቆጡኛል፣ ያኮርፉኛል፣ ከዚያ ይረሳል አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! አገሬው ግን ወንድየው ካጠፋ ሴትየዋ የት አለች ባይ ነው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ማንነቷን ቆርጦ ጨረሰ።

የጎረቤታችን ልጅ ናት ተባለ። ለፈተና አብረን ስናጠና ሰው አይቶናል፤ ማስረጃው ይኸው ነው። በማግስቱ ወንድሞቿ ስልኳን ቀምተው ከትምህርት ቤት አስቀሯት። እናቷ በአጥሩ በኩል ለእናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። አባቴም ወግዲ ላሉት ቄስ ይቅርታ ልከው፣ ለጎረቤት ሽማግሌ ሊልኩ ተነሡ። «ካበላሸሃት ታገባታለህ። ቅዳሜ ሽማግሌ ይገባል» አሉኝ።

ወደ ጉብታው ሮጥኩ። «ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» አልኳት አማካሪዋን።

«ውሳኔው ያንተ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ከተናገርክ በኋላ ያለው ቀን ነው» አለችኝ።

«እህቴ፣ የደወልኩት እኮ እንድትመክሪኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። አባትህ ይመቱሃል? ለሌላ ሰው ይናገራሉ? መታወቂያህ በእጅህ ነው? ደሴ የምታርፍበት ሰው አለህ? አንድ በአንድ መለስኩላት፤ ይህ ነገር ሰው ጆሮ ከገባ ድንጋይም እስር ቤትም አለው። የጎረቤታችን ልጅ ግን ባላጠፋችው ጥፋት ቤት ተዘግቶባታል። «እናገራለሁ» አልኩ።

«እሺ። ስትናገር ለበሩ ቅርብ ሁን» አለችኝ።

አባቴን በረቱ አጠገብ የበሬ ገመድ ሲያበጁ አገኘኋቸው።

«አባ፣ እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ማናት?»

«ማንም የለችም። ሴት አላወቅኩም። ልቤ ወደ ወንድ ነው፣ አባ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ቀና አላሉም። ገመዱን ቋጠሩት፣ መልሰው ፈቱት። ከዚያ እኔን ልጃቸውን እየለመኑ፣ «ሴት ናት በለኝ» አሉ። «የፈለግከውን ስም ጥራ፣ አልቆጣም። ብቻ ሴት ናት በለኝ፣ ልጄ።»

ልላቸው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። የልጅቷ እናት ልቅሶ ትዝ አለኝ። «አይደለችም» አልኩ።

ብድግ ሲሉ ወደ አጥሩ በር አፈገፈግኩ። አልነኩኝም፤ አልፈውኝ ወደ ጎረቤት ገቡ። ድምፃቸው ይሰማኛል። «ልጃችሁ ንጹሕ ናት፤ በክህነቴ እመሰክራለሁ።»

«ታዲያ ልጅዎን ምን ነካው?» አለ የልጅቷ አባት።

የአጥሩን በር ከፈትኩ። እግሬ ለመሮጥ ተዘጋጅቷል።

«የነካውን እኔ አውቃለሁ» አሉ አባቴ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ ጠዋት ደሴ ልሄድ ወደ መናኸሪያ ስወርድ አባቴ ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። እናቴ ምክንያቱ አልተነገራትም፤ «አብሽር ልጄ» ብላ በሶ ቋጥራልኛለች። መናኸሪያው ውስጥ ያገኘናቸው ሁሉ የአባቴን መስቀል ይሳለማሉ። እኔም እንደወጉ ጎንበስ ስል መስቀሉን ከጋቢያቸው ሥር ሰወሩት። ያ ካሰብኩት ዱላ ሁሉ በለጠብኝ፤ ፊቴን ሸፍኜ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኳ። አባቴ ናቸው። ዓይናቸውን ከጎማው ላይ ሳያነሡ፣

«የምታድርበት አለህ?» አሉኝ።