ጋሼ የመረጡልኝ ቫልቭ

አጎቴ ወልቂጤ በሚገኘው ጋራዣቸው የማንንም መኪና ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱን “የደበቅከኝ ነገር አለ?” ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔንም ጠይቀውኛል። ለቱርቦ መኪናዬ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያስተነፍስ ቫልቭ ፈልጌ፣ ፉጨቱ የሚሰማውን ስመርጥ ሳቁብኝ።

“እሱ አየሩን ውጭ ይበትነዋል። ያንተ ሞተር የለካው አየር ሲጠፋበት ነዳጅ ያበዛል። አየሩን መልሶ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ይሻልሃል።”

“እሺ ጋሼ። አብረን እንገጥመዋለን?”

“ከአዲስ አበባ ይዤልህ እመጣለሁ። ቅዳሜ እንገጥመዋለን።”

አዲስ አበባ የሄዱት ግን ለሕክምና ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ቅዳሜን እጠብቃለሁ። ከቅዳሜ በፊት አስከሬናቸው መጣ።

ለቅሶው ላይ ባለቤታቸውን “ምነው ደበቃችሁኝ?” አልኳቸው።

“‘እሱ ካወቀ ፊቱን ማየት አልችልም’ ብሎ አስምሎን ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

ቫልቩ ከልብሳቸው ጋር ተጠቅልሎ መጥቶ ነበር፤ ልክ እንዳሉት ዓይነት። እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ባዶ ሆኖ ብቻዬን ገጠምኩት። ለሞተሩ ተስማማው። ለመኪናዬ እንዲህ የተጨነቁልኝ ሰው፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ውሃ እንዳቀብላቸው ግን አልፈቀዱልኝም።