ከትል እናት ቤት የወጣው

ሰፈሩ ሁሉ «የትል እናት» ይላታል፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ከልጅነት እስከ ሽበት የሐር ትል ስታረባ ኖራለች። ከመኝታዋ በስስ ግድግዳ የሚለየው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ትሪ በትሪ ነው፤ ትሎቹ የጉሎ ቅጠል ሲበሉ ካፊያ የሚጥል ይመስላል። በየወቅቱ የሞተውን ትጥላለች፣ ከተረፈው ዘር ትይዛለች። ሌላ ጥበብ የላትም፤ ደግሞም ሠርቶላታል።

ባሏ የሞተባት ታናሽ እህቷ ከሩቅ አገር ዝርያ አስመጥታ ሥራ ስትጀምር፣ የትል እናት ከራሷ ትሎች አንድ እፍኝ ወስዳ በእህቷ ትሪዎች ላይ በተነች። እንግዶቹ አበላል ከነባሮቹ ይማራሉ ብላ ነው። ትል ለትል አስተማሪ ሲሆን ማን አይቷል? ግን እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፣ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ እህቷ እያለቀሰች ደወለች። «እትዬ፣ ድረሽልኝ! ዓይን በላቸው!»

ሄዳ ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ትሎቹ በኋላ እግራቸው የትሪውን ጠርዝ ይዘው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። አንዱን በጣቷ ነካ ስታደርገው ቆዳው ፈርጦ ውሃ ሆነ። የራሷ ትሎች ግን እዚያው መሃል ቅጠላቸውን ይበላሉ፣ ምንም አልነካቸውም። ያኔ ነው ፍርሃት የያዛት።

ከሁለቱም ዓይነት በብልቃጥ ይዛ ወደ እርሻ ባለሙያው ገሰገሰች። ባለሙያው መርምሮ ሲያበቃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«እናቴ፣ ገዳዩ ቫይረስ ነው። የእርስዎም ትሎች ውስጥ አለ።»

«የኔዎቹ እኮ ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው፣ ልጄ!»

«ተላምደው ነዋ። የቻለውን ገደለ፣ እርስዎ ከተረፈው ዘር ያዙ። በየትውልዱ ትሉ ጠነከረ፣ ቫይረሱም ለዘብ አለ፤ ያሳደረውን ቶሎ የሚገድል ማደሪያ ያጣል። የእህትዎ ትሎች ግን ከዚህ በፊት አላገኙትም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይባል የለ? ይኼኛው ተገላቢጦሹ ነው።»

አልሳቀችም። እሱም ፈገግታውን ተወው።

«የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አዲስ ትል ውስጥ ሲባዛ እሱም ይለወጣል። የከፋ ሆኖ ቢመለስ የእርስዎዎቹም ላይችሉት ነው። ከእህትዎ ቤት አንድ ቅጠል እንኳ ወደ ክፍልዎ እንዳይገባ።»

መንገዱን ሙሉ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተጓዘች። እህቷ የቀራት ያ ሥራ ብቻ ነው፤ የገደልኩብሽ እኔ ነኝ ብላ በምን አፏ ትንገራት? ፈራች፣ እንደ ሕፃን ፈራች። ቢሆንም ቆረጠች። ዛሬውኑ ትነግራታለች፣ ከራሷም ትሎች ግማሹን ትሰጣታለች። እነሱ ካሉ ሁለቱም አይራቡም።

በሯን ከፍታ ስትገባ እህቷ ከትሎቹ ክፍል ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። ባዶ ትሪ ታቅፋለች።

«እትዬ፣ ሳላስፈቅድሽ ገባሁ፣ አትቆጪኝ። የተረፉልኝን አመጣኋቸው። ካንቺዎቹ ጋር በየትሪው በተንኳቸው። ከነሱ ጋር ከዋሉ ይድናሉ አይደል?»

የትል እናት መቃኑን ያዘች።

«ምነው? ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ!» አለች እህቷ፣ ትሎቹን በበተነችበት፣ ገና ባልታጠበው እርጥብ እጇ የታላቋን ጉንጭ እየዳሰሰች።