«ይዣለሁ፣ አይዞህ»

ደብረ ብርሃን ጋራዣችን ውስጥ የፍሬን አየር የምናስወጣው ሁለት ሆነን ነበር። እኔ መኪናው ሥር እተኛለሁ፤ ጉልበታቸው የደከመው አጎቴ ከላይ ፔዳሉን ረግጠው «ይዣለሁ፣ አይዞህ» ይሉኛል። ያን ሳልሰማ ብሎን አልፈታም።

አጎቴ ከሞቱ በኋላ፣ ለአርባቸው አሮጌዋን ፒካፓቸውን አንኮበር ልወስዳት ብዬ፣ ቁልቁለቱን እንድትችል የትልቅ መኪና ፍሬን ገጠምኩላት። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ፔዳሉን በእንጨት ደግፌ ሦስት ቀን አየር ባስወጣም ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል። ለካ የግራውን ለቀኝ ጎማ ገጥሜው የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ታች ዞሯል፤ አየሩ ከላይ ቀርቷል። እሳቸው ቢኖሩ ገና ሲያዩት ይቆጡኝ ነበር።

ዛሬ አስተካክዬ ሥሯ ገባሁና ሞታቸውን ረሳሁት።

«ጋሼ፣ ይርገጡት!»

አርባቸው ነገ ነው፤ እኔ መፍቻዬን እንደያዝኩ ድምፃቸውን እጠብቃለሁ።