የበዓል መብራትና የአጎቴ መበየጃ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ በጠመኔ ላሜራ ላይ የበርና የመስኮት ልክ ነው፤ እሱንም ብየዳው ያጠፋዋል። ከዚያ ሌላ የጻፍኩት ሁለት ቃል ነው፤ ቆይታችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቃል ከተጣመመብኝ እንደ ተጣመመ ብረት ቆጥራችሁ በልባችሁ አቅኑት።

ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ያለዚህ ታሪኩ ስለማይገባ ነው። የምኖረው መተማ ዮሐንስ፣ ከአጎቴና ከሚስቱ ጋር ነው። አጎቴ በያጅ ነው፤ ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ብየዳ ቤት አለችው። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከመንገዱ ማዶ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ዳስ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። ሁለቱም ረዳት ይፈልጋሉ፤ ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ጊዜ እትዬን አሟት ሻይ ቤቱን ለእኔ ተወችው። ሾፌሮቹን ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ስላልቻልኩ ለሁሉም እኩል ስኳር ጨምሬ ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው።

«ይቺ ልጅ ሻይ ትሸጣለች ወይስ ሱባኤ ይዛለች?» አለ አንዱ።

«ተዋት፤ እናቶቻችን ስኳር ይቆጥባሉ፣ እሷ ቃል ትቆጥባለች» አለ ሌላው።

ማንቆርቆሪያውንም ብርጭቆውንም ጥዬ ጓሮ ገባሁ። ሾፌሮቹ የቀረውን ራሳቸው ቀድተው ጠጡ፤ ገንዘቡንም በታማኝነት ትሪው ላይ ትተው ሄዱ። እትዬ ግን ይህን እንደ መልካም ነገር አልቆጠረችውም።

ብየዳን የወደድኩት ጭንብል ስላለው ነው። ጥቁሩን መስታወት ፊቴ ላይ ካወረድኩ ማንም አያየኝም። ሊያናግረኝ የመጣውም ሰው ብልጭታውን ፈርቶ ፊቱን ያዞራል። ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞርበት ሥራ ለእኔ ከገነት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ የአጎቴ መበየጃ ማሽን ተቃጥሎ ዐረፈ። እትዬ አላዘነችም።

«እሰየው! እንግዲህ ልጅቱ ወደ ሻይ ቤት ትምጣ» አለች።

«ሰሊጥ ሊደርስ ነው፤ የሚሰበረው ተጎታች ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። ማሽን እሠራለሁ» አለ አጎቴ።

«ትገዛለህ ማለትህ ነው?»

«እሠራለሁ አልኩ! ማሽን ምንድን ነው? ብረት፣ ሽቦና ወንድነት።»

«ብረቱና ሽቦውስ ከቁራሌ ይገኛል» አለች እትዬ፣ «ሦስተኛውን ከየት ልታመጣው ነው?»

በመጨረሻ ተስማሙ። ማሽኑ ተሠርቶ የሰሊጡን ወቅት ከዘለቀ እኔ ብየዳ ቤት እቀራለሁ። ካልዘለቀ ሻይ ቤት እገባለሁ። የእኔን ሐሳብ አልጠየቁም፤ ቢጠይቁኝም የምመልስ ሰው አይደለሁም። በልቤ ግን ያን ማሽን ከአጎቴ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ።

አጎቴ በወጣትነቱ ጋላባት ተሻግሮ ከአንድ ሱዳናዊ በያጅ ጋር ሠርቷል። «ኡስታዬ» ይለዋል፣ የእጅ ሙያ ያስተማረኝ ለማለት። የማሽኑን ዲዛይን በከሰል በራችን ላይ ሣለው። ዲዛይኑ በግ የምትመስል ነገር ነበረች፤ ቢሆንም ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ከተቃጠለ ትልቅ ትራንስፎርመር የወጡ ስስ ብረቶች ከቁራሌ ነጋዴ ገዛን። ዝገታቸውን ፈግፍጌ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ደራረብኳቸው። ከዚያ ሁለት ዓይነት የመዳብ ሽቦ ጠቀለልንባቸው። ቀጭኑ ብዙ ዙር ነው፤ መብራቱን ከግድግዳ ይቀበላል። ወፍራሙ ጥቂት ዙር ነው፤ ኃይሉን ለኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ ብረት ለሚያጣብቀው ዘንግ፣ ይሰጣል። በየድርቡ መሃል ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ የሚለይ ነገር ያስፈልጋል። እሱን ስላጣን የሰሊጥ ጆንያ እየቀደድኩ፣ ቫርኒሽ ውስጥ እየነከርኩ አለበስኩት።

መጀመሪያ ስንሞክረው ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እዚህ ላይ ስለ መብራታችን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ መብራት አለ ማለት አምፖሉ እንደ ፍም ቀልቷል ማለት ነው። ወፍጮ ቤቶቹና የሰሊጥ ማበጠሪያዎቹ ጠዋት ሲነሱ ኃይሉን ስበው ይጨርሱታል፤ ለእኛ የሚደርሰን ትርፍራፊው ነው።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የሰነፈው መብራቱ ነው» አለ አጎቴ። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ማሽኑን እንደ መብራታችን እንሥራው!» አለ።

ከቀጭኑ ሽቦ ዙር ሲቀነስ ማሽኑ በደካማ መብራትም ይጠነክራል። አጎቴ «ቀንሺ» እያለ እኔ ፈታሁ፤ የተረፈውንም ቆርጦ ጣለው። እውነትም ማሽኑ እንደ ንብ እያጉረመረመ ላሜራውን እንደ ቅቤ እያቀለጠ አጣበቀው። አጎቴ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ማሳየት ጀመረ።

«የውጭ አገር ማሽን መብራትን እንደ መብራት አክብሮ ነው የሚመጣው። ይሄ ግን የአገራችንን መብራት ጠባይ ያውቃል!»

መስከረምና ጥቅምት የደስታዬ ወራት ነበሩ። ሳሉግ የምንላቸው ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡ ሠራተኞች መንገዱን ሲሞሉት፣ ትራክተሮች ተጎታቾቻቸውን እያንገጫገጩ ሲመላለሱ፣ እኔ ጭንብሌን ደፍቼ ያለ አንድ ቃል ስበይድ እውል ነበር።

ከዚያ የኅዳር ሚካኤል መጣ። በዚያ ቀን እንኳን ብየዳ፣ ምስማር የሚመታ የለም። አንድ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብት ግን ማያያዣው የተሰበረ ተጎታች አስጎትተው በራችን ላይ ቆሙ።

«ሰሊጤ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬውኑ ካላነሣሁት ነፋስ ይበትነዋል» አሉ።

«በሚካኤል?» አለ አጎቴ።

«ሚካኤል ለሰሊጥ አያዝንም እንዴ? ጧፉን እኔ አስገባለሁ። አንተ ብቻ በይድ።»

አጎቴ በሩን ገርበብ አድርጎ ማሽኑን ሰካ። እኔ ማያያዣውን ልይዝለት ጭንብሌን ሳነሣ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ዐረፈ። ነጭ ሆኗል። በዚያ ቤት ነጭ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወፍጮው ሁሉ ለበዓል ቆሟል፤ ኃይሉ ሳይቀነስ ወደ እኛ መጥቷል፤ ማሽናችን ደግሞ የተሠራው ለትርፍራፊ ነው።

«ጋሼ፣ አምፖሉ...»

«ምን አልሽ?»

ባለሀብቱም ዞር ብለው አዩኝ።

«ምንም» አልኩ።

አጎቴ ኤሌክትሮዱን አስነካ። ንቧ አንበሳ ሆነች። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ማጣበቅ ትቶ በሳው፤ ማሽኑም ጢሱን ለቀቀው። ጆንያው ሲነድ ቤቱን የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ሞላው።

ባለሀብቱ ደነገጡ። «ሰሊጤ ነው እንዴ የሚሸተው?» ብለው ወደ ውጭ ሮጡ፤ ሰሊጡ ግን ሩቅ ሜዳ ላይ ነበር።

ታቦት ሸኝተው የሚመለሱ ሰዎች ጢሱን አይተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፋችን ላይ ተሰበሰቡ።

«ሚካኤል ነው!» አለች አንዲት ሴትዮ። «በክንፉ መታው!»

አጎቴ ራሱን ደፍቶ፣ «እውነት ነው፤ ሚካኤል ነው» አለ። ፊቱን ሳየው ግን ያዘነ አይመስልም ነበር። መልአክ ያቃጠለው ማሽን የዲዛይን ስህተት አይገኝበትማ።

እትዬ መንገዱን ተሻግራ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችን። «እንግዲህ ሚካኤል ፈርዷል። ነገ ሻይ ቤት» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽርጡን ይዤ ስወጣ ወፍጮዎቹ ተነሥተው ነበር። አምፖሉ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። አሁን ካልተናገርኩ ዕድሜ ልኬን ከሾፌሮች ጋር ስናገር ልኖር ነው። ከብዙ ሾፌር አንድ አጎት ይሻላል።

«ጋሼ፣ ሚካኤል አይመስለኝም» አልኩ።

«ደግሞ በመልአክ ላይ ልትመሰክሪ ነው?»

«አይደለም። ሚካኤልም ቢሆን... አስቀድሞ አምፖሉን አብርቶ አሳይቶን ነበር። እኛ ነን ያላየነው።»

በሕይወቴ ረጅሙ ንግግሬ ይህ ነበር። አጎቴ አምፖሉን አንጋጦ አየ፤ የወፍጮውን ድምፅ አዳመጠ፤ እንደገና አምፖሉን አየ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ኡስታዬም ይህንን ሳይነግረኝ አልቀረም» አለ። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከበያጅ አይጠበቅም።

እትዬ እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጠችኝ። ማሽኑን ፈታን፤ የነደደውን ሽቦ በአዲስ ተካን። አሁን ዙሩን አልቀነስንም። ቀጭኑን ሽቦ ሙሉውን ጠቅልዬ፣ ጥቂት ዙር ሲቀረው አንድ ጫፍ፣ መጨረሻው ላይ ሌላ ጫፍ አወጣሁ፤ እያንዳንዱን በብሎን አሰርኩ። አምፖሉ ሲቀላ የመብራቱ ገመድ ዙሩ ባነሰው ብሎን ላይ ይታሰራል፤ ሲነጣ ወደ ሙሉው ይዛወራል። ማንም እንዳይሳሳት አጠገባቸው በቀለም ሁለት ቃል ጻፍኩ፦ «አዘቦት» እና «በዓል»። ያልኳችሁ ጽሑፌ ይህ ነው።

ጥር ሳይገባ አንድ ቄስ የቤተ ክርስቲያኑን በር ማጠፊያ ሊያሠሩ መጡ። ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩና ጽሑፌ ላይ ቆሙ።

«በዓል የሚለው ምንድን ነው?»

«በበዓል እንዳንሠራ ማስታወሻ ነው አባቴ» አለ አጎቴ ዓይኑን ሳያሽ።

«መልካም። ታዲያ የማይነካ ብሎን ምን እንዲህ አጠራው?»

እውነቱን ለመናገር ወፍጮዎቹ በአዘቦትም ይበላሻሉ፤ ያን ጊዜ አምፖሉ ስለሚነጣ ገመዱን «በዓል» ላይ እናስረዋለን። አጎቴ ግን ያን ማስረዳት ከበደውና፣ «ልጅቱ ናት፤ ወልውላ ወልውላ አትጠግብም» አለ። ቄሱ ዞረው አዩኝ። ጭንብሌን አወረድኩ።

ጥምቀት አለፈ፤ ማሽኑም አለ። እትዬ ለአጨዳ መጥታ የቀረች የወሎ ልጅ ሻይ ቤት ቀጠረች፤ ሾፌሮቹ አፍ እንኳ ሳይከፍቱ መልስ የምትሰጥ። አንድ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታብኝ ጭንብሌን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ ተሻግሬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና ጣቴን አነሣሁ። እትዬ ልጅቱን በዓይኗ አስቁማ ሻዩን ራሷ ይዛ መጣች፤ ብርጭቆውን ግን ከእጇ አልለቀቀችውም።

«ከዚህ ወዲያ ሻይ ሽጪ አልልሽም፤ በዚያ ማሽን አሸንፈሽኛል። ግን ልትጠጪ ስትመጪ እንኳ ‹ሻይ› በይ እንጂ፤ ጣት አይጠጣም!»