ሻወር እምቢ ያልኩበት ቀን

አትላንታ የታሰርኩበት ክፍል በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቧንቧውን ነው። ሌላ ሰው አልጋውን ያያል፣ መስኮት ካለ መስኮቱን ያያል። እኔ ግን ውሃው የት እንዳለ ሳላውቅ አንድ ክፍል ውስጥ ተረጋግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ቧንቧው ከሽንት ቤቱ ጋር አብሮ የተበየደ ብረት ነበር፤ ሲጫኑት ውሃው ወደ ላይ ፊን ይላል። የላይኛው አልጋ ከሱ ራቅ ስለሚል የላይኛውን ያዝኩ። ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ሀገሬ ላይ ታሰርኩ፤ ስፈታ ስንት ድንበር አቋርጬ መጥቼ «ጥገኝነት ስጡኝ» ስላልኩ ደግሞ እዚህ ታሰርኩ። እስር ቤት ማማረጥ ይሏል ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ቆዳዬን ከነካኝ ያቃጥለኛል። ቀዝቃዛውም፣ ሙቁም፣ ዝናቡም፣ የገዛ ላቤም ሳይቀር። ትንሽ ቆይቶ ቆዳዬ ቀልቶ ያብጣል፤ ሳማ ላይ የተንከባለልኩ ነው የምመስለው። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል፣ ምልክት አይተውም። የጀመረኝ ሃይስኩል እያለሁ ነው። ያዩኝ የቆዳ ሐኪም ራሳቸው መጽሐፍ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይተውት አያውቁም ነበር። የውሃ አለርጂ ነው፣ ተጠንቀቂ ብለው ሸኙኝ። ምኑን ነው የምጠነቀቀው? መላውን የዘየደችው እናቴ ናት። መጀመሪያ ቫዝሊን ጥግብ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ ፎጣ ቶሎ ቶሎ መጥረግ፣ ወዲያው ማድረቅ። በዚህ ሁኔታ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ።

ሀገር ቤት ታስሬ ሳለ ቃል ሊያወጣጣኝ የመረመረኝ ሰውዬ ይህንን ያወቀው በአጋጣሚ ነው። «ከኋላሽ ማን አለ?» ሲለኝ፣ ሲመታኝ ውሎ ራሴን ሳትኩ፤ ሊያነቃኝ ውሃ ደፋብኝ። ክንዴ ላይ የወጣውን ሲያይ መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዱላ አላስፈለገውም፤ ጆግ ይዞ ይገባ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። ስፈታ ሰውነቴ ላይ ጭረት እንኳን አልነበረም። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልነኩሽም» አለኝ።

አትላንታ አብረውኝ የታሰሩት ሴትዮ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። እትዬ ነበር የምላቸው። እዚሁ አትላንታ ዳር ስቶን ማውንቴን ቤት ያላቸው፣ ኮንየርስ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «የመኪናዬ መብራት ተቃጥሎ ፖሊሶች ፑል ኦቨር ብለው አስቆሙኝ፤ ድሮ የተረሳ የዲፖርቴሽን ትዕዛዝ ተገኘብኝ» ይላሉ፣ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስል። ጠዋት ማታ ይጸልያሉ፤ በመሃል ጠባቂዎቹን በአማርኛ ይሰድባሉ። በጣም ወደድኳቸው። እሳቸው ግን አንድ ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ቅር እንዳይልሽ ልጄ፣ ትሸቻለሽ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«ውሃ አይስማማኝም።»

«ውሃ የማይስማማው ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ማስረዳት ሰልችቶኛል። የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚለኝ «እስቲ አሳዪን» ነው። የእስር ቤቱ ነርስ እንኳን እንደዚያ አለችኝ፤ እምቢ ስላት ቫዝሊን ከለከለችኝ።

ፍርድ ቤት የምቀርብበት ቀን ጠዋት ጠባቂዋ መጣች። ረጅም ሴት ናት፣ ድምጿ ወፍራም። ዳኛ ፊት የሚቀርብ ሁሉ ሻወር ይወስዳል አለችኝ። ሌሎቹ እስረኞችም ስለ ሽታዬ አመልክተዋል። እምቢ ካልኩ ለብቻዬ እቆለፋለሁ፣ ቀጠሮዬም ይተላለፋል። እስከ መቼ? እሷም አታውቅ። «ስመለስ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» ብላ ሄደች። ብታጠብ ደግሞ ፊቴ አብጦ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው ዳኛው ፊት የምቆመው።

በነጻ የምትረዳኝ ጠበቃም የራሷን ሐሳብ አምጥታለች። ጠባሳ የለኝ፣ ምስክር የለኝ። ስለዚህ ዳኛው ፊት ክንዴ ላይ ውሃ አፍስሰን ይየው አለችኝ። ልጅቷ ለኔ አስባ ነው፤ እኔም እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ ጀምሮ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

ጠባቂዋ እንደሄደች እትዬ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀድተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጸልዩ ማየት ስለለመድኩ ልብ አላልኩትም። ከአልጋዬ ወርጄ ጫማዬን ስፈልግ ዘወር አሉና «በስመ አብ!» ብለው ፊቴ ላይ ረጩብኝ።

ጮህኩ። እንዴት አልጮህ! ፊቴ ነደደ፣ አንገቴ ነደደ። እትዬ መራቅ ሲገባቸው ጭራሽ ቀረቡኝ።

«ተናገር!» አሉ። «ማነህ አንተ? የት አገኘሃት? ለምን ያዝካት?»

ጸበል ቦታ የደረሰ ሰው ይህንን ጥያቄ ያውቀዋል። ውሃው ሲነካው የሚጮህ ሰው፣ የሚጮኸው እሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነው ይባላል። እትዬ ከቧንቧው ስሸሽ፣ ሻወር ስፈራ፣ እጅ የሚታጠብ ሰው ሲያራግፍ ዘልዬ ስርቅ ሲያዩኝ ሰንብተው ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። ሰይጣን ይዞኛል። ዳኛ ፊት ከመቅረቤ በፊት ሊያስለቅቁልኝ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ ፊቴን በሸሚዜ እየጠረግኩ።

«መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው!»

«ኧረ ማርያምን፣ ማንም የለም! አለርጂ ነው!»

«ማርያምን አልክ?» አሉና ቆም አሉ። ማርያምን ብሎ የሚምል ሰይጣን አያውቁም መሰለኝ።

እያቃጠለኝ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በሽታውን፣ ሰውዬውን፣ ጆጉን። ለጠበቃዋ የነገርኳት በአስተርጓሚ ነው። በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እትዬ ጉንጬ ላይ ያለው እብጠት እየሟሸሸ ሲሄድ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ኩባያውን አሁንም ይዘውታል። የቀረውን ውሃ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፉትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እኔም ደፋሁብሽ» አሉ። «አፈር ልብላልሽ። ይቺ እጅ ትቆረጥ።»

«ለመልካም አስበው ነው እትዬ።»

«እና ዛሬ ደግሞ ዳኛው ፊት ሊደፉብሽ ነው?»

«እኔው ነኝ የምደፋው። ማስረጃ የለኝማ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ተቆጡ። «በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄ አድርጌዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?»

«የራስዎ ጉዳይ አላለቀም እኮ። ጠበቃዎ ዳኛ ፊት ዝም ይበሉ ብሎዎታል።»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ጠባቂዋ ስትመለስ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ዌርሃውስ የተማሩት እንግሊዝኛ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። «ኖ ሻወር» አሉ። «ዎተር በርን ሀር። አይ ክሊን ሀር።» ጠባቂዋ አንገቴ ላይ ገና ያልጠፋውን ቅላት አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። አሳዪኝ አላለችም። «ፈጠን በሉ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችን።

እትዬ ለጉልበታቸው ከእስር ቤቱ ሱቅ የገዙት ቫዝሊን ነበራቸው። በጥፍራቸው ጫፍ እየቆነጠሩ ነበር የሚጠቀሙበት። የዚያን ቀን ጠርገው ጨረሱት። ጀርባዬን፣ ብብቴን፣ እግሬን ቀቡኝ፤ ፎጣውን ጠብታ እስኪያጣ ጨምቀው ጠራረጉኝ፣ ወዲያው አደረቁኝ። እያንዳንዱን ቦታ ከመንካታቸው በፊት «እዚህስ?» ይላሉ። ከእናቴ ወዲህ እንደዚያ ያጠበኝ ሰው የለም። አላለቀስኩም፤ እንባዬም ስለሚያቃጥለኝ ዋጥ አደረግኩት።

ችሎቱ ውስጥ ጠበቃዬ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላ ኩባያ አስቀምጣለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው። ዳኛው «እንግዲህ ታሳየን» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ክንዴን ያያል። የመንግሥት ጠበቃው ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ክፋት የለበትም፣ ጉጉት ነው።

ኩባያውን አነሳሁ። ውሃ ቆዳዬን እንጂ ጉሮሮዬን አያቃጥለኝም። ረጋ ብዬ እስከ ታች ጠጣሁትና ባዶውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ መለስኩ።

«አላሳይም» አልኩ። «አንዴ ለሰው መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ይበቃኛል። ያዩ ሴት አሉ፣ እሳቸውን ጠይቋቸው።»

ጠበቃዬ ክው አለች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ አብረውኝ የታሰሩት ሴትዮ ናቸው አልኩ። ከዚያ ዕረፍት አሉና እትዬን አስጠሩ። እትዬ እጃቸውን አንስተው ማሉ። «ሰይጣን የያዛት መስሎኝ ረጨኋት» ሲሉ አስተርጓሚው ድገሙልኝ አላቸው። ደገሙለት፤ ፊቴ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደጠፋ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ።

«አሁንስ?» አሏቸው ዳኛው። «አሁንም ሰይጣን አለባት ብለው ያምናሉ?»

«አሁንማ ሰይጣኑን አወቅኩት» አሉ እትዬ። «ጆግ የያዘው ሰውዬ ነው።»

ወረቀቴን አገኘሁ። ዛሬ እዚሁ አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ዝናብ ሲመጣ እዚያው ሱቁ ውስጥ አሳልፈዋለሁ። አዲስ ሐኪም ጋ ስሄድ ትንሽ ውሃ እንሞክርብሽ ይሉኛል፤ አይሆንም እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ ይቀየም።

እትዬን ግን ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሀገር ቤት መለሷቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ተፈትቼ ወጥቻለሁ፤ የሰማሁት ከተሳፈሩ በኋላ ነው። ያንገበግበኛል። ለኔ ቆመው መሰከሩ፤ የእሳቸው ጉዳይ ሲታይ ግን ማንም አልጠራኝም። ብጠራ እጄን አንስቼ እምል ነበር። እኚህ ሴት ሲሳሳቱ አይቻለሁ፣ ሲጸጸቱ አይቻለሁ፣ ለራሳቸው ሳይሳሱ ሲያጥቡኝ አይቻለሁ እል ነበር። የጠየቀኝ ስለሌለ እዚህ ጻፍኩት።